ጠበቃ ማንን ይጠብቃል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር የቀደሙት። ሰማዩ እስካሁን አልታረሰም። ንጉሡ ግን በእኛም አገር በሰውም አገር ተከሷል። ንጉሥ በተከሰሰ ቁጥር ደግሞ ካፌውም ታክሲውም የሚቀባበለው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እንዴት ሰው ለእሱ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል? ሕሊና የለውም እንዴ?»

ዛሬ ይህን ጥያቄ ገልብጠን ልናየው ነው። እኛን የሚያሳስበን ንጉሡ ከተከሰሰ በኋላ አጠገቡ የሚቆመው ጠበቃ አይደለም። የሚያሳስበን ንጉሡ ገና ዙፋኑ ላይ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮው እየገባ «ግድ የለም፣ መንገድ እንፈልግለታለን» የሚለው ጠበቃ ነው። ሁለቱም ጥቁር ካባ ይለብሳሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ተምረዋል። ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱን ለማየት አሜሪካ ደርሰን እንመለሳለን። ከዋተርጌት የተሻለ መማሪያ አላገኘንምና። (የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እናስኬደዋለን።)

ኮከብ የተደረገባቸው ስሞች

ታሪኩ ላመለጠው በአጭሩ እንንገር። ጁን 17 ቀን 1972 ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ዋተርጌት በሚባለው ሕንፃ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ተያዙ። ተራ ሌቦች አልነበሩም። የመጡት ለስለላ ነበር፤ ከጀርባቸው ያሉትም የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት የሰብሮ መግባቱ ሳይሆን የመሸፋፈኑ ታሪክ ናቸው። ለእስረኞቹ አፍ ማዘጊያ ገንዘብ ተከፈለ፤ ወረቀት ተቃጠለ፤ በመሐላ ተዋሸ። መጨረሻው ይታወቃል፦ ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ።

በዚህ ሁሉ መሐል ጆን ዲን የሚባል ወጣት አለ። በ31 ዓመቱ የኋይት ሀውስ የሕግ አማካሪ የሆነ፣ የብዙዎቻችን እኩያ ማለት ነው። መሸፋፈኑን ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ያቀናጀው እሱ ነበር። ማርች 21 ቀን 1973 ግን ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ገብቶ፣ ነገሩ እንደ ነቀርሳ ፕሬዚዳንትነቱን እየበላው መሆኑን ነገራቸው። እስረኞቹን ዝም ለማሰኘት በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊያስፈልግ እንደሚችልም ገለጸላቸው። ኒክሰን ገንዘቡ እንደሚገኝ መለሱለት። ክፍሉ ውስጥ የተደበቀው መቅጃ ሁሉንም እየቀዳ ነበር።

ዲን በጁን 1973 ሴኔቱ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ቀደም ብሎ ለራሱ የጻፈው አንድ ዝርዝር ነበረው፤ በነገሩ ሊከሰሱ ይችላሉ ብሎ የገመታቸው ሰዎች ስም ነው። ከአንዳንዶቹ ስሞች ጎን ትንሽ የኮከብ ምልክት አድርጓል። ሴናተር ኸርማን ታልማጅ የኮከቡን ትርጉም ጠየቁት። ዲንም ምልክቱ ጠበቆቹን ለመለየት መሆኑን ተናገረ። ስሞቹን ጽፎ ሲጨርስ ይህን ያህል ጠበቃ እንዴት እዚህ ነገር ውስጥ ሊገባ ቻለ ብሎ መገረሙንም ጨመረ። ኮከብ የተደረገባቸው ከዝርዝሩ ከግማሽ በላይ ነበሩ። ኒክሰን ራሳቸውም ከዱክ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁ ጠበቃ ነበሩ።

እኛም የዲንን ጥያቄ ይዘን እንቀጥል። እውነት፣ እንዴት?

ቦታው አይመችም

ለመልሱ ወደ ጃንዋሪ 27 ቀን 1972 እንመለስ። ከሰብሮ መግባቱ አምስት ወር ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ቦታው የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ። የአገሪቱ የሕግ ሁሉ አናት የሆኑት ጆን ሚቸል ፒፓቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጎርደን ሊዲ የተባለ ሰው በሥዕልና በሠንጠረዥ የተደገፈ ዕቅድ ያቀርብላቸዋል። ሊዲ የምርጫ ዘመቻው የሕግ ሰው ነው። በዕቅዱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፦ ስልክ መጥለፍ፣ የተቃውሞ ሰልፍ መሪዎችን አፍኖ መሰወር፣ የተቀናቃኝ ፓርቲ ሰዎችን በሴተኛ አዳሪ ማጥመድ። ዋጋው አንድ ሚሊዮን ዶላር።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ፣ ማለትም ሚቸል፣ ሊዲና ዲን፣ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምን አሉ? ያሰቡት ይህን እንዳልሆነና ዋጋውም መብዛቱን ነገሩት። እስቲ አስቡት! የአገር ዋና የሕግ አስከባሪ የወንጀል ዕቅድ ቀርቦላቸው በዋጋ ይከራከራሉ። እንደ መርካቶ ገበያተኛ «ትንሽ ቀንስ» ነው ነገሩ።

ሊዲም ቀንሶ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 4፣ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር። በዚህኛው ስብሰባ ዲን ተቃውሞ አሰማ። ተቃውሞው ግን እንዲህ ያለ ነገር በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ መወራት የለበትም የሚል ነበር። ወንጀል ነው አላለም። ቦታው አይመችም ነው ያለው።

በእኛ አገር ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲጋደል ቢያይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል። ያቺ ቃል የሮጠን ታቆም ነበር፤ የተነሣን ዱላ በአየር ላይ ታስቀር ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የጠፋችው ይህችው ቃል ናት። ሦስት የተማሩ ጠበቆች ተቀምጠው አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» የሚል ጠፋ። ሚቸል በኋላ ተከሰው 19 ወር ታሰሩ። በአሜሪካ ታሪክ ወህኒ የወረዱ የመጀመሪያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ናቸው።

ጨዋ ሰው እንዴት ይገባበታል?

ሊዲ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነበር እንበል። የሚያስጨንቁን ሌሎቹ ናቸው፤ ጨዋ፣ ቤተሰብ ያላቸው፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው ሰዎች።

የኒክሰን የግል ጠበቃ ኸርበርት ካልምባክን እንውሰድ። ለእስረኞቹ የሚሆን ገንዘብ አሰባስብ ተባሉ። ለጠበቃ ክፍያና ለቤተሰብ መደጎሚያ ነው ተብለዋል። ገንዘቡ ግን በጥሬው፣ በድብቅ፣ በሽፋን ስም ነበር የሚተላለፈው። ካልምባክ ሆዳቸው ፈራ። ከኒክሰን ዋና ረዳቶች አንዱ ወደሆኑት ወደ ጆን ኤርሊክማን ሄደው፣ ዓይናቸውን እያዩ፣ ነገሩ ትክክል ስለመሆኑ እንዲያረጋግጡላቸው ጠየቁ። ኤርሊክማንም ትክክል ነው ቀጥሉበት አሏቸው። ቀጠሉ። በመጨረሻም ታሰሩ።

ካልምባክ የሕጉን መልስ ለማወቅ የሰው ዓይን ማየት ያስፈልጋቸው ነበር? መጽሐፉ መደርደሪያቸው ላይ ነበር። የፈለጉት ሕጉን ማወቅ ሳይሆን ከራሳቸው ጭንቀት መገላገል ነው። «አለቃዬ ካለ ምን አገባኝ» የምትለው ነገር ማለት ናት። ይህች ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለችም።

ኤርሊክማንም ጠበቃ ናቸው። በ1971 የፔንታጎን ምስጢራዊ ሰነዶችን ለጋዜጦች ያወጣውን የዳንኤል ኤልስበርግን ስም ለማጥፋት፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ቢሮ በድብቅ ገብቶ መዝገቡን የመፈተሽ ሐሳብ ቀረበላቸው። በጽሑፍ ፈቀዱ፤ ነገሩ ወደ እነሱ የሚመራ ዱካ እንዳይኖረው የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨምረው። ጠበቃ ዓረፍተ ነገር ላይ ቅድመ ሁኔታ መጨመር ልማዱ ነው። እዚህ ላይ ግን ሙያው ከሕግ ማስከበር ተነሥቶ ከሕግ ማምለጥ ላይ ደረሰ።

ያንን ሥራ በበላይነት የመራው ኤጊል ክሮግ ነበር። ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ በጨዋነቱ የሚታወቅ ጠበቃ። ለብሔራዊ ደኅንነት ነው ተባለ፤ ፕሬዚዳንቱ ፈልገዋል ተባለ፤ አመነ። ክሮግ ከሌሎቹ የሚለየው በኋላ ባደረገው ነው። በኖቬምበር 1973 ጥፋተኛ ነኝ አለ። ብሔራዊ ደኅንነት የሚለውን መከላከያ ሊጠቀምበት እንደማይችል ተናገረ። አራት ወር ተኩል ታሰረ፤ በ1975 የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ፤ በ1980 ተመለሰለት። ከዚያ በኋላ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ኖሮ በ2020 አረፈ።

የነዚህን ሰዎች ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየናል። ማንም አንድ ቀን ተነሥቶ «ዛሬ ወንጀል እሠራለሁ» አላለም። እያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ለትንሹ ጥያቄ ትንሽ «እሺ» ሰጠ። ጠበቃ ሲሆኑ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ጠበቃ «እሺ» ሲል ሌላው ሁሉ ሕጋዊ ነው ብሎ ይከተለዋል። ሹፌሩ ቢሳሳት መኪናው ነው የሚገለበጥ፤ የሕግ አማካሪው ቢሳሳት መንገዱ ራሱ ነው የሚጠምመው።

ቅዳሜ ማታ

ኮከብ ከተደረገባቸው ጠበቆች ትይዩ የቆሙ ጠበቆችም ነበሩ። ኦክቶበር 20 ቀን 1973 ቅዳሜ ማታ ነው። ጉዳዩን የሚመረምሩት ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስ የፕሬዚዳንቱን የድምፅ ቅጂዎች በፍርድ ቤት ጠይቀዋል። ኒክሰን ኮክስ እንዲባረሩ አዲሱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሊየት ሪቻርድሰንን አዘዙ። ሪቻርድሰን ሹመታቸው ሲጸድቅ ልዩ ዐቃቤ ሕጉን ያለ ከባድ ጥፋት እንደማያነሡ ለሴኔቱ ቃል ገብተው ነበር። አልፈጽምም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ትእዛዙ ወደ ምክትላቸው ወደ ዊልያም ረክልስሃውስ ወረደ። እሳቸውም እምቢ ብለው ወጡ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ የነበሩት ሮበርት ቦርክ ናቸው ኮክስን ያባረሩት።

በቦርክ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ፕሬዚዳንቱ የማዘዝ ሥልጣን አላቸው ብለው ያምኑ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አመራር አጥቶ እንዳይፈርስም ሪቻርድሰን ራሳቸው እንዲቆዩ መክረዋቸዋል። «ሁሉም ከለቀቀ ማን ይቀራል?» የሚለው ክርክር ተራ ክርክር አይደለም። በእኛም መሥሪያ ቤቶች ስንት ደግ ሰው በዚህች ምክንያት ከወንበሩ ሳይነሣ ጡረታ ወጥቷል። ሆኖም ሕዝቡን የቀሰቀሰው የሁለቱ እምቢታ ነው። በቀናት ውስጥ ተቃውሞው በረታ፤ ኒክሰን ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ለመሾም ተገደዱ። የምርመራው ሥራም ቀጠለ። አንዳንድ ጊዜ ጠበቃ ለሕግ የሚያበረክተው ትልቁ አገልግሎት የመልቀቂያ ደብዳቤው ነው።

የተጠላውን ሰው መከላከል

እስካሁን ከመሪ ጎን ስለሚቆም ጠበቃ ክፉ ክፉውን ስናወራ ቆየን። አሁን ወደ ሌላኛው እንምጣ። ጄምስ ሴንት ክሌር ከጃንዋሪ 1974 ጀምሮ የኒክሰን ዋና ተከራካሪ ጠበቃ ነበሩ። አገር ሁሉ የጠላውን ሰው ይዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቱ ቅጂዎቹን ላለማስረከብ መብት አላቸው ብለው ተከራከሩ። ጁላይ 24 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ተሸነፉ። ይህ ግን ነውር አይደለም። በዳኛ ፊት፣ በአደባባይ፣ በሕግ ቋንቋ ነበር የተከራከሩት።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኒክሰን በጁን 23 ቀን 1972፣ ሰብሮ መግባቱ በተፈጸመ በስድስተኛው ቀን፣ ምርመራውን ለማስቆም ሲመክሩ የሚያሰማ ቅጂ ተገኘ። ሴንት ክሌር ለምክር ቤቱ ኮሚቴ የተናገሩት ደንበኛቸው ከመሸፋፈኑ ንጹሕ ናቸው ብለው ነበር። ደንበኛቸው ሲያታልሏቸው ኖረዋል ማለት ነው። ሴንት ክሌር ይህ ይፋ መውጣት አለበት ብለው አቋም ያዙ፤ ሐሰት ይዘው ኮሚቴ ፊት መቆም አልቻሉም። ኦገስት 5 ቅጂው ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ ኒክሰን ኋይት ሀውስን ለቀቁ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው ብለን እናምናለን። ስላለፈ ድርጊት የተከሰሰን ሰው መከላከል የጠበቃ ግዴታ ነው፤ ሰውየው የፈለገውን ያህል ይጠላ። ገና ሊሠራ ላለ ወንጀል መንገድ መጥረግ ግን ጥብቅና ሳይሆን ግብረ አበርነት ነው። የመጀመሪያው ሥራው ዳኛ ፊት ነው፤ የሁለተኛው ከዳኛ መደበቅ ነው።

አሜሪካኖቹ ከዚህ ቅሌት የተማሩት አለ። በ1974 የጠበቆች ማኅበራቸው የሕግ ትምህርት ቤቶች የሙያ ኃላፊነትን የግድ እንዲያስተምሩ ወሰነ። በ1983 የወጣው የማኅበሩ አርአያ ደንብ ደግሞ የተቋም ጠበቃ ደንበኛው ተቋሙ እንጂ አለቃው አለመሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። የኒክሰን የጥብቅና ፈቃድ በ1976 በኒው ዮርክ ተሰረዘ። ትምህርቱ ለዘላለም ገባቸው ማለት ግን አይደለም። የኒው ዮርክ ከንቲባና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሩዲ ጁሊያኒ የ2020ውን ምርጫ ውጤት አስመልክተው ለዶናልድ ትራምፕ ሲሟገቱ ሐሰት በመናገራቸው በ2024 ከዚያው ከኒው ዮርክ የጠበቆች መዝገብ ተፍቀዋል። ደንብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ አለቃን «አይሆንም» ማለት ሌላ።

ከነሐሴ እስከ መስከረም

ኒክሰን የወረዱበት ቀን በእኛ ነሐሴ 3 ቀን 1966 ነው። ከ34 ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። ሁለት ገዥዎች በአንድ ክረምት። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ተለያየ። ኒክሰን ጠበቃ ነበራቸው፣ ሙግት ነበራቸው፣ በኋላም ይቅርታ ተደረገላቸው። በእኛ ዘንድ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ተረሸኑ። ከነሱ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ዳኛ አልተሰየመላቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም። ምክንያቱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። ከመኳንንቱ ጋር ጸብ የነበረው ሰው ያን ቀን «ይበላቸው» ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያለ ጠበቃ መግደል የተለመደው ያን ሌሊት ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያው ልማድ በቀይ ሽብር የየሰፈሩን ወጣት በላ።

ጊዜ ዞሮ ደርግም ተከሰሰ። ዋናው የክስ መዝገብ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ችሎት ፊት ተከፈተ። በመላ አገሪቱ የተከሰሱት ከ5 ሺህ በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ጠበቃ የመቅጠር አቅም አልነበራቸውም፤ መንግሥት የሚከፍላቸው ተከላካይ ጠበቆች ተመደቡላቸው። ቁጥራቸው ከተከሳሹ ብዛት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ ሙግቱም ዓመታት ፈጀ። እስቲ የነዚያን ጠበቆች ኑሮ አስቡት። ልጃቸውን በቀይ ሽብር ያጡ እናቶች ባሉበት ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ታክሲ አብረው እየተሳፈሩ፣ «የደርግ ጠበቃ» ተብሎ መኖር!

የተከራከሩት ግን ትርጉም ያለው ክርክር ነበር። የፖለቲካ ቡድንን መግደል ዘር ማጥፋት ነው የሚለው በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ያለው ድንጋጌ፣ በደርግ ሕጎች ተሽሯል ወይስ አልተሻረም? ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ፍርዱ ሲሰጥ ሁለቱ ዳኞች ጥፋተኛ ሲሉ፣ ሦስተኛው ዳኛ በዚህ ነጥብ ላይ ተለዩ። ተከሳሾቹ በነፍስ ግድያና በሥልጣን አላግባብ መጠቀም እንጂ በዘር ማጥፋት ሊፈረድባቸው አይገባም አሉ። የመከላከያው ድምፅ በዳኛ ብዕር መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ፍርድ፣ ከነጉድለቱና ከነመንዛዛቱ፣ ፍርድ ሊባል ይችላል። ተከላካይ ባይኖር ኖሮ የኅዳሩ ሌሊት ወረቀት ለብሶ በድጋሚ መጣ እንል ነበር።

ለዚህ ነው «እንዴት ለእሱ ጠበቃ ይቆማል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ተሳሳተው ሰው የሚወረወረው። የደርግ ባለሥልጣናትን በችሎት የተከላከሉት ጠበቆች ማንንም አልገደሉም፤ እንዲያውም እኛን ከራሳችን ቁጣ ጠብቀውናል። መጠየቅ ያለበት ሌላው ነው፤ በየዘመኑ፣ በየቢሮው፣ አዋጁን ያረቀቀው፣ ለእስሩ አንቀጽ የፈለገው፣ ለግድያው ስም ያወጣው። «ፖለቲካዊ ውሳኔ» የምትለዋን ሐረግ ማን እንደጻፋት አናውቅም። ቃላት የሚያውቅ ሰው እንደጻፋት ግን እናውቃለን።

ከእናንተ መካከል ሕግ የምታጠኑ፣ ነገ ነገረ ፈጅም አማካሪም ዐቃቤ ሕግም የምትሆኑ አላችሁ። የክሮግና የዲን ዕድሜ ላይ ናችሁ። አንድ ቀን ጥሩ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቢሮ ውስጥ፣ የምታከብሩት ሰው፣ በትሕትና፣ ትንሽ ነገር ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ረጅም የሕግ ትንተና አይደለም። አያቶቻችሁ የሚያውቋት ሁለት ቃል ትበቃለች፦ በሕግ አምላክ።